ከአንድ የሚጀምረው የጭስ ቅጽ

ዓይናማዋ ስሟን ያገኘችው በሥራ ፈተና ላይ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። በስንዴ ማሳዎቹ መሐል የቆመው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ቀን ከሌት ጭሱን እያንቦለቦለ የታጠበ ልብስ ያጠቁር ስለነበር፣ ገበሬዎቹ አቤት ማለት ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን በጥሞና መረመረ፤ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ሌላ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በመጨረሻ አንድ ውሳኔ ላይ ተደረሰ። ጭሱን የሚቀንስ ሳይሆን ጭሱን የሚያይ ሰው ይቀጠር ተባለ።

አሥራ አራት ሰው ለፈተናው ቀረበ። ፈታኙ ከቦርሳው አምስት ግራጫ የካርቶን ቁራጮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተናቸውና "ከስሱ ወደ ጥቁሩ ደርድሩ" አለ። ቁራጮቹ እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላሉ። በተለይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የወለዳቸውም አይለያቸው። አሥራ ሦስቱ ሰዎች ተሳሳቱ። እሷ ግን ሰሐን እንደሚደረድር ሰው ረጋ ብላ አንድ በአንድ አሰለፈቻቸው። "ይቺማ ዓይናማ ናት" አለ ፈታኙ። ከዚያን ቀን ወዲያ የወጣላትን ስም የሚጠራው እናቷ ብቻ ሆነች።

የሥራ ቦታዋ ጉብታ ላይ የተሠራች አንድ ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ስልክ፣ የግድግዳ ሰዓትና ወደ ጭስ ማውጫው የዞረ ሰፊ መስኮት አላት። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታ መስኮቱን ትከፍታለች፤ አምስቱ ግራጫዎች የተለጠፉበትን ካርቶን ክንዷን ዘርግታ ትይዛለች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጭሱን ከግራጫዎቹ ጋር ታስተያያለች፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። ቅጹ ከአንድ ጀምሮ አምስት ላይ ያበቃል። አንድ ስስ ነው፣ አምስት ድቅድቅ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው በስልክ ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። ጉንፋን ይዟት አይታለች፤ ተጣልታ ስታለቅስ ውላ አይታለች፤ ልጇን አርግዛ በነበረ ጊዜ ሆዷ ከመስኮቱ ደፍ ጋር እየተጋጨ አይታለች።

ባሏንም ያገኘችው በዚሁ ጭስ ነው። እሱ ማመንጫው ውስጥ ከሰል ወደ እሳቱ የሚጨምር ሠራተኛ ነበር። ከእሳት ጋር ሲታገል ስለሚውል ጓደኞቹ "ምድጃው" ይሉታል። ከሰሉን ካበዛ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጭሱ ከጠቆረ ዓይናማዋ ትደውላለች፤ እሷ ከደወለች እሱ ይወቀሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወቀስ "ይቺ ሴት ምን በድያት ነው?" ብሎ ሊጣላት ጉብታውን እያለከለከ ወጣ። በሩን ከፍቶ ሲያያት ግን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት የመጣው ቁጣ ከየት እንደገባ ጠፋበት። "እ... እንደምን ዋልሽ?" ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ልክ አራት ሰዓት ላይ ጭሱ ድንገት ይጠቁርና ወዲያው ይጠራል። ሌላው ሰው ማሽኑ ታሟል ብሎ አሰበ። ለእሷ ግን ሰላምታ መሆኑ ገባት። ደስም አላት። ደስ ብሏትም በየቀኑ ስልኩን አንስታ "አራት ነው" እያለች አስታወቀችበት። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሦስተኛው ከመምጣቱ በፊት ጉብታውን ደግሞ ወጣና "ከዚህ መከራ የምትገላግይኝ ብታገቢኝ ነው" አላት።

"ባገባህም እደውላለሁ" አለችው።

"ደውይ" አለ።

ተጋቡ። ደወለችም።

ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ሰኞ ማመንጫው ተዘጋ። ከሰል ዘመኑ አለፈ ተባለ። ምድጃው ጡረታ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ደግሞ የእኔስ ነገር እንዴት ሊሆን ነው ብላ ከተማ ወርዳ የጭስ ቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ፊት ቀረበች። ኃላፊው ለስላሳ ሰው ነበር። እስክሪብቶዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ፣ አንዱ ከመስመር ከወጣ ንግግሩን አቋርጦ ያስተካክላል።

"የእርስዎ የሥራ መደብ የተያያዘው ከማመንጫው ጋር አይደለም" አላት። "ከጭስ ማውጫው ጋር ነው። ጭስ ማውጫው ቆሟል?"

"ቆሟል።"

"ቆሟል ሲሉ ሥራ አቁሟል ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ተገትሯል?"

"ሁለቱንም።"

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። "ደንቡ የሚለው 'ጭስ ማውጫው ቆሞ እስካለ ድረስ' ነው። ስለዚህ ይቀጥላሉ።"

"መቼ ይፈርሳል ታዲያ?"

"ሦስት ወር ሙሉ ጭስ እንዳልወጣው ተመልካቿ በቅጹ ላይ ስታረጋግጥ።"

"ተመልካቿ እኔ ነኝ እኮ። ዛሬውኑ አረጋግጣለሁ።"

"በቅጹ ነው" አለ ኃላፊው።

"ቅጹ ዜሮ የለውም። ከአንድ ነው የሚጀምረው።"

ኃላፊው አንድ ቅጽ ከመሳቢያ አወጣ። አየው። ገልብጦ ጀርባውንም አየ። "እውነትም የለውም" አለ፤ ቅር ያለውም አይመስልም። "ምናልባት ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች የማያጨስ ጭስ ማውጫ አልታያቸው ይሆናል። እንግዲህ አንድ ይጻፉ።"

"አንድ ጭስ ነው።"

"ትንሽ እኮ ነው።"

"ትንሿም የለችም" አለች ዓይናማዋ።

ወደ ጉብታዋ ተመለሰች። በየግማሽ ሰዓቱ ባዶውን ጭስ ማውጫ እያየች፣ ከአንድ በስተግራ ባለው ጠባብ ነጭ ቦታ ላይ በገዛ እጇ ክብ ዜሮ መጻፍ ጀመረች። በወሩ መጨረሻ ቅጾቹ "በትክክል አልተሞላም" የሚል ማኅተም አርፎባቸው ተመለሱ። በሚቀጥለውም ወር ተመለሱ። እሷም በሰማያዊ ክር እያሰረች ጥግ ላይ ትከምራቸዋለች። መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ዜሮ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ጭስ ማውጫው በወረቀት ደረጃ ያጭስ ወይም አያጭስ የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

"እኔን ጡረታ አስወጥተው፣ በሩን አሽገው፣ 'አያጨስም ለማለት ማስረጃ የለንም' ይሉሻል?" ይላታል ምድጃው ማታ ራት ላይ። "ከሰሉን ታዲያ ማን ነው የሚጨምርለት?"

"እኔን ምን ትለኛለህ? ሄደህ እነሱን ጠይቅ።"

"አንድ ብለሽ ብትጽፊ ምን ይቆርጥሻል? ሰው እንኳን ለአንድ ለሁለትም ይዋሻል።"

"ሃያ ሰባት ዓመት አንተ ላይ ስደውል አልዋሸሁም። ለእነሱ ብዬ አልጀምርም።"

ይህን ስትለው ምድጃው ወደ ራቱ ይመለሳል።

በሁለተኛው ዓመት ክንፋሞቹ መጡ። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ገበሬዎቹ ያወጡላቸው ስም ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ለብቻው በአንድ ረዥም መኪና ተጭኖ ሲመጣ መንገዱ ጠበበው፤ መታጠፊያው ላይ የአንድ ቤት አጥር ፈርሶ፣ ባለቤቱ አጥሩ ይሠራልህ ሲሉት "ተዉት፣ ሲመለሱ ደግመው ያፈርሱታል" አለ። በመከር ማብቂያ ላይ አሥራ አንድ ነጫጭ ማማዎች በማሳዎቹ ውስጥ ተተከሉ። ጥቁሩ ጭስ ማውጫ መሐላቸው ብቻውን ተገትሮ ሲታይ ያልተጠራበት ድግስ ላይ የተገኘ ሰው ይመስላል።

ምድጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣቸው። "ምንም የማይበላ ማሽን ምን ጉልበት ይኖረዋል?" ይላል። "አይበላ፣ አያልበው፣ አያጨስ። ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፣ በቃ።"

በክንፋሞቹ ከልቧ የተደሰተች የጎረቤታቸው ላም ብቻ ነበረች። ግጦሹ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር ስለሌለ በፀሐይ ስትንገበገብ የኖረች ላም ናት። ቁጥር ሰባት የተተከለው ደግሞ እዚያው ግጦሽ ላይ ነው። ላሟ የማማው ጥላ ረዥምና ቀጭን፣ ለአንድ ላም ልክ የተሰፋ መሆኑን በሦስተኛው ቀን ደረሰችበት። ጥላው ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ ጠዋት በምዕራብ፣ ማታ በምሥራቅ። ባለላሙ ሰዓት አያስርም ነበር፤ ብቅ ብሎ ላሟ ያለችበትን ያይና "ስምንት ሰዓት አልሆነም ገና" ይላል። ብዙም አይሳሳት።

ክንፋሞቹ መዞር በጀመሩ በወሩ ለዓይናማዋ ከክፍሉ ደብዳቤ ደረሳት። በደንቡ መሠረት ኃይል ለማመንጨት የተተከለና ቁመቱ ከአርባ ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ነገር በጭስ ተመልካቿ ክትትል ሥር ነው፤ ስለሆነም አሥራ አንዱም በየግማሽ ሰዓቱ ይታዩ ይላል። ከደብዳቤው ጋር አሥራ ሁለት መስመር ያለው አዲስ ቅጽ ተያይዟል። ይህኛውም ከአንድ ይጀምራል።

ስልክ መታች።

"ነፋስ ምን ጭስ አለው?" አለች።

"እሱን እኮ ነው ከእርስዎ የምንጠብቀው" አለ ኃላፊው።

ሌላ ሰው ቢሆን ከቤቱ ተኝቶ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን ይሞላው ነበር። እሷ ግን ሥራ ሥራ ነው አለች። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ካርቶኑን ትዘረጋለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከጭስ ማውጫው ጀምራ እስከ አሥራ አንደኛው ክንፋም ድረስ አንድ በአንድ ታያለች። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዜሮ መጻፍ ሲሰለቻት "አስተያየት" በሚለው ዓምድ ላይ ያየችውን ማስፈር ጀመረች። "ቁጥር ሁለት፦ ወፍ አርፎበታል።" "ቁጥር አምስት፦ ይንጫጫል።" "ቁጥር ሰባት፦ ቆሟል።" "ቁጥር ሰባት፦ ዛሬም ቆሟል።" "ቁጥር ሰባት፦ ነፋሱ ጣራ ይነቅላል፣ እሱ ግን ቆሟል።"

ይህ ማስታወሻ እንዴት እንዴት ብሎ ከኩባንያው እጅ ገባና አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኢንጂነሯ ጉብታውን ወጣች። ነጭ የራስ ቁር ያደረገች፣ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። በብብቷ ታብሌት ይዛለች።

"እማማ፣ ቁጥር ሰባት አይሠራም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

"ስህተት ሳይኖር አይቀርም። ኮምፒውተሩ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ሰባት ነው ይላል። ያስቸገረን ቁጥር አራት ነው። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ስንጠግነው አልነሳ አለን።"

ዓይናማዋ መስኮቱን ከፈተችላት። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው አዩ። ቁጥር አራት ሽክርክሪቱን ያስነካዋል። ቁጥር ሰባት ሦስት ክንፉን ዘርግቶ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሏል። ኢንጂነሯ ሰባትን አየች፣ ታብሌቷን አየች፣ እንደገና ሰባትን አየች።

"እዚህ ላይ ግን ይዞራል" አለች ቀስ ብላ፣ ታብሌቷን እያሳየች።

"እዚያ ላይ የሚዞረው ሌላ ይሆናላ።"

ነገሩ እንዲያ ሆኖ ተገኘ። ገና ከጅምሩ የአራትና የሰባት ሽቦ ተለዋውጦ ተሰክቶ ኖሯል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ጤነኛውን አራትን ሲፈታቱት፣ ሲቀቡት፣ ዕቃ ሲቀይሩለት ከርመዋል። ሕመምተኛው ሰባት የጎበኘው ሰው አልነበረም። ኢንጂነሯ ይህን አጣርታ ተመልሳ መጣች፤ ስልክ ቁጥሯን በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፈችና "እማማ፣ ከእንግዲህ የሆነ ነገር ካዩ ለእኔ ይደውሉ። ከኮምፒውተሩ በፊት" ብላት ወረደች።

ሰባት በዚያው ሳምንት ተጠገነና መዞር ጀመረ። ያለፈውን ሁሉ ሊያካክስ የተሳለ ይመስል ከሁሉም በላይ ይፈጥናል። ላሟ ከላይዋ በሚሄደው ሹክሹክታ ሁለት ቀን ያህል ደነገጠችና ከዚያ ለመደችው።

ከጥገናው አርባ ቀን ያህል በኋላ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዓይናማዋ እንደ ልማዷ ካርቶኗን ዘርግታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስታልፍ ሰባት ላይ እጇ ቀጥ አለ። ከማማው ጭንቅላት ላይ ክር የመሰለ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ ወፍ ነው አለች። ቀጥላ ዓይኔ ላይ ሞራ ጀመረኝ ብላ ሰጋች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየች። ክሩ ገመድ ሆኗል። ከሁለተኛው ግራጫ ጋር አስተያየችው፤ አለፈው። ሦስተኛው ጋ ልክ ገጠመ።

ስልኩን አንስታ ለክፍሉ ደወለች።

"ቁጥር ሰባት ሦስት ነው" አለች።

"ምኑ?" አለ ኃላፊው።

"ጭሱ።"

በስልኩ ውስጥ እስክሪብቶ ሲስተካከል ተሰማ። "ይስሙኝ" አለ በመጨረሻ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለስልሶ፣ "የነፋስ ማመንጫ እኮ አያጨስም።"

"ቅጹን የላካችሁልኝ እናንተ ናችሁ።"

"ቅጹ ለደንቡ ነው። ማለቴ... እንዲያጨስ አልጠበቅንም።"

"አራት" አለች።

"አሁን ሦስት አላሉም?"

"ስናወራ ጨመረ።"

"እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን ስለማያውቅ በሦስት ቅጂ አድርገው በጽሑፍ..."

ዓይናማዋ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በአለቃዋ ላይ ስልክ ዘጋች። ለኢንጂነሯ ደወለች።

"ልጄ፣ ሰባት እየነደደ ነው።"

"ስንት ደርሷል?" አለች ኢንጂነሯ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

"አራት፣ ወደ አምስት እየሄደ።"

"ፍሬኑ ነው። ከሩቅ ላቆመው ብሞክርም የሚሰማ አይመስለኝም። ከሥሩ ማንም እንዳይቀር ያድርጉልኝ፣ መጣሁ።"

ዓይናማዋ ጉብታውን እየተንደረደረች ወርዳ ደጃፋቸው ደረሰች። ምድጃው ጀርባውን ለክንፋሞቹ ሰጥቶ ምስር ይለቅማል።

"ጭስ አለ" አለችው።

እጁ ምስሩ ላይ ቆመ። "ምን ዓይነት?"

"ጥቁር። ዳር ዳሩ ቢጫ ነገር አለው።"

"ዘይት ነው" አለ፤ ከዚያ ዞር ብሎ አየ። በሁለት ዓመት ውስጥ ክንፋሞቹን ፊት ለፊት ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለአፍታ ያህል ፊቱ ላይ የድሮ ወዳጁን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ስሜት ታየ። ወዲያው ግን የምስሩን ሰፌድ አስቀምጦ፣ የማይታዘዝ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ሚስቱን ተከትሎ ወደ ግጦሹ ገሰገሰ።

ሲደርሱ ባለላሙ የላሟን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ላሟ ንቅንቅ አላለችም። ጭሱ ፀሐዩን ሸፍኖ በቀጭኑ ጥላ ፋንታ ሰፊ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደመና ስላወረደላት ይህን ደስታ ትታ የምትሄድበት ምክንያት አልታያትም። ምድጃው ከኋላ ገፋት። ዓይናማዋ ጆሮዋን ይዛ ለመነቻት። ላሟ ተኛች።

"ጋሼ፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከእሷ ጋር ልሁን" አለ ባለላሙ ገመዱን ሳይለቅ።

"ሞኝ አትሁን" አለው ምድጃው። "የአንተ ሚስት ምን ልትለኝ ነው?"

ዓይናማዋ ይህን ጊዜ ዓይኗ የባለላሙ ቤት ደጅ ላይ ከተሰጣው ልብስ አረፈ። ሮጣ ሄዳ ትልቁን አንሶላ ከገመዱ ላይ ገፈፈችው። "ያዝ" አለችው ባሏን፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው በላሟ ራስ ላይ ወጠሩት። ከዚያ አንድ እርምጃ ራቁ። ላሟ ጥላው ከአፍንጫዋ ሲሸሽ አየች። አቃሰተችና ተነሳች። አንድ እርምጃ ራቁ፤ አንድ እርምጃ ተጠጋች። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ ከላይ እሳቱ እየተንጣጣ፣ ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ትልቅ ሰው ጥላ ይዘውላት፣ ባለቤቷም ከኋላ እየተከተለ፣ ላሟ ሳትቸኩል ሁለት መቶ እርምጃ ተራምዳ ግጦሹን ወጣች። ለምለም ሣር ስታይ ሁለት ጊዜ ቆማ ግጣለች።

አንሶላውን ገና ሳያጥፉት አንደኛው ክንፍ እየነደደ ተገንጥሎ ወረደና ላሟ ተኝታበት የነበረውን ቦታ አርሶ ተሰካ። ባለላሙ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ኢንጂነሯ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋር ደረሰች። ቱቦው ተዘረጋ፣ ውኃው ተለቀቀ፤ የማማውን ሲሶ ያህል ወጣና ተመልሶ በሠራተኞቹ ራስ ላይ ዘነበ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ራሳቸው በሰበሱ። ያኔ ምድጃው ወደ አዛዡ ቀረበና "ላዩን ተዉት፣ እሱ የያዘውን ይጨርሳል" አለ። "የሚወርደው ፍም ነው ጠላታችሁ። ገለባውን በትራክተር እረሱት፣ ዙሪያውን አርጥቡት፣ ነፋሱ ወደ እዚያ ስለሆነ ከዚያ በኩል ጀምሩ።" አዛዡ ማን ነህ ሳይል ታዘዘ። ትራክተሮች መጡ። ምድጃው ሸሚዙን ጠቅልሎ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በእሳት ፊት በጮኸበት ድምፅ እየጮኸ፣ ይኼን በዚህ፣ ያንን በዚያ እያለ ሰው ሲያሰማራ ዋለ። ሰባት እንደ ሻማ ከላይ ወደ ታች ሦስት ሰዓት ነደደ። ከማሳው ግን አንዲት ዘለላ አልተቃጠለችም።

ሰው አልተጎዳም፤ ምርመራ ግን መደረጉ አልቀረም። ሦስት መርማሪዎች ጉብታውን ወጥተው በአንዲት ወንበር ተራ በተራ እየተቀመጡ የዓይናማዋን ቅጾች አገላበጡ። እሳቱ የተነሳው የዚያን ቀን መሆኑንና ከዚያ በፊት ጭስ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለባቸው። ማስረጃው ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ በሰማያዊ ክር የታሰረ፣ ጣራ የደረሰ የዜሮ ክምር።

"ይኼ ዜሮ በማን ፈቃድ ነው የተጻፈው?" አሏት።

"በዓይኔ" አለች።

መርማሪዎቹ ተያዩ። ዜሮውን ካልተቀበሉ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሰባት ከተተከለ ጀምሮ ሲያጨስ ኖሮ ይሆናል፤ ያ ከሆነ ክፍሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሏል ማለት ነው። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ላብ አጠመቀው አሉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ዜሮ የቅጹ ሕጋዊ አካል መሆኑን፣ ይህም ወደ ኋላ አራት ዓመት ተመልሶ የሚሠራ መሆኑን አስታወቀ።

ለአራት ዓመት ሲገፋ የኖረው ዜሮ በአንድ ማኅተም ሕጋዊ ሆነ። ጭስ ማውጫውም በዚያው ቅጽበት አራት ዓመት ሙሉ ያላጨሰ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ራሱ፣ እስክሪብቶውን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ የማፍረሻውን የምስክር ወረቀት ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣ። ወንበር ሰጡትና ተቀመጠ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ አቃና።

"ይኼን ከፈረሙ" አለ በመጨረሻ፣ "ጭስ ማውጫው ይፈርሳል። እሱ ሲፈርስ የእርስዎም መደብ... ክንፋሞቹን ኩባንያው ራሱ በካሜራ ሊከታተል ነው።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ቸኩለው እንዲፈርሙ አይደለም። ቢፈልጉ ትንሽ ማዘግየት ይቻላል። ቅጹ ጠፋ ማለት እችላለሁ።"

ዓይናማዋ ባሏን አየችው። ምድጃው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ምን አውቄ" አለ።

"አራት ዓመት ሙሉ አያጨስም፣ አያጨስም ስል ከረምኩ" አለች። "ዛሬ የሚሰማ ሲገኝ ልተወው? ወዲህ በሉት ወረቀቱን።"

ፈረመች። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ጭስ ማውጫው ከማመንጫው ሕንፃ ጋር የፈረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ምድጃው የድሮ የሥራ ልብሱን ለብሶ ከሚስቱ ጋር ሄደ። ሆዱ አላስቆልፍ ስላለው ከላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ብቻ ነበሩ የተቆለፉት። ፍንዳታው ተሰማ፤ ጭስ ማውጫው ለአፍታ ያመነታ መሰለና፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ቁጭ እንደሚል ባለበት ወረደ።

"በደህና ወደቀ" አለ ምድጃው። እጇን ያዘ፤ በሰው ፊት እጇን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ጡረታ ወጥታ ቤት መዋል ስትጀምር መጀመሪያ የከበዳት ግማሽ ሰዓቱ ነው። ሰውነቷ ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ብድግ ይላል። ምድጃውም ለምዶት ነበርና "ከተነሳሽ አይቀር ውኃ አምጪልኝ" ይላታል። ከዚያ ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ጭስ ማውጫውና የማመንጫው ሕንፃ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከልለውት በኖሩት በኩል፣ በሁለት ኮረብቶች መሐል የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነገር አየች።

"ሐይቅ አለ" አለች።

"የት?"

"ያውና። ይኼን ሁሉ ዓመት ሐይቅ አጠገብ ኖረን አላወቅንም።"

ምድጃው ዓይኑን አጥብቦ አየ። ብርሃን እንጂ ሌላ አልታየውም፤ ሚስቱ ሐይቅ ካለች ግን ሐይቅ ነው። ከልጅነቱ በኋላ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ዘንግ ሲፍቅ፣ ሽቦ ሲያጎብጥ፣ ትል ሲቆፍር ቆየ። እሁድ ጠዋት ዳቦና ባልዲ ይዘው ተነሱ። መንገዱ ከታሰበው በላይ ረዘመ። ጉልበቱ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው። እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛውን ኮረብታ ዞረው ሲወርዱ፣ ከአንድ የሽቦ አጥር በስተጀርባ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተደረደሩ ከፀሐይ ኃይል የሚያመነጩ ጥቁር ሰማያዊ ሰሌዳዎች አገኙ።

አጥሩን ይዘው ቆሙ። ነፋስ ነፈሰ፤ ሰሌዳዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

"ዓይኔ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም" አለች ዓይናማዋ።

"ሰማያዊ ነው፣ ያብረቀርቃል" አለ ምድጃው። "ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ውኃ መሆኑ ላይ ብቻ ነው የተሳሳትሽው።"

ጥበቃው ከጎጆው ወጣ፤ ጺሙ የሸበተ፣ ካፖርቱ የሰፋው ሰው ነው። ዘንጉን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ የሁለቱን ፊት አየ። አልሳቀም። "በዚህ ወር ስድስተኛ ናችሁ" ብሎ በሩን ከፈተላቸው። "አንዱማ ጀልባ ይዞ ነበር የመጣው።"

በጎጆው ጥላ ሁለት ወንበር አወጣላቸው፤ ዳቧቸውን ለሦስት ተካፍለው በሉ። ጥበቃው ሰሌዳዎቹ የሚታጠቡበት ውኃ ሥራቸውን ስለሚያርሰው እዚያው ጎመን እንደሚያበቅል፣ ጥላውም ለጎመኑ እንደተስማማው ነገራቸው። ምድጃው ስለ አፈሩ ጠየቀው፤ ስለ ትል ተነጋገሩ፤ ትሎቹን በሙሉ ለጎመኑ መደብ አስረከበው። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ተነስተው መንገዱን ያዙ። ዘንጉን ምድጃው እንደ ምርኩዝ ተደገፈው፤ ዓይናማዋ ደግሞ ጥበቃው አፉ ድረስ ጎመን የሞላላትን ባልዲ በየመቶ እርምጃው እጅ እየቀያየረች ተሸከመችው።